ሰፊ ጎማ በጠባብ ቴላዮ

«አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምክር ለልብስ ሰፊና ለአናጢ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ለብስክሌተኛም የተነገረ መሆኑን የተማርነው በአንድ ጓደኛችን ትከሻ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ በቦታው እንናገራለን፤ አስቀድመን ግን ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣንን ምክንያት እንግለጽ።

ከማኅበራችን አባሎች መካከል ብስክሌት ያላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህም የሚበዙት ያገለገለ የእሽቅድምድም ብስክሌት የገዙ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ብስክሌት ቀላል ነው፤ ፈጣን ነው፤ በዶርሚተሪ ደረጃ ላይ በአንድ ትከሻ ተሸክመው ይወጡታል። ነገር ግን የተሠራው ለለሰለሰ አስፋልት ነው። ጎማው የቀጠነ፥ በጎማውና በቴላዮው መካከል ያለውም ክፍተት ትንሹን ጣት እንኳ የማያስገባ ነው። ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በተለይም አገሩ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ እንደሆነ፥ «ይህን ቀጭን ጎማ አውጥቼ ሰፋ ያለ ባስገባበትስ?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው።

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ሆኖም ሁለት ከባድ ነገሮች ተሸክሟል፤ አንደኛው ገንዘብ፥ ሁለተኛው አጥንት ነው። ስለዚህ ነገሩን በየተራው መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ ስለ መንገዱ

ምሳሌ አድርገን የምንወስደው የሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ በጣርማበር ዋሻ ሾልኮ፥ ደብረ ሲናን አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ዋሻው ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የተቆፈረ ሲሆን የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ባለፈ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን ከአዲስ አበባ 225 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በ1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ መንገደኛው ከ50 ኪሎሜትር በማይበልጥ ጉዞ 1,700 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። በደጋው ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ ሰው ቆላው ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

ይህ ቁልቁለት ለብስክሌት ምን ማለት እንደሆነ በጥቂት ሒሳብ ማየት ይቻላል። ነጂው፥ ብስክሌቱና ጓዙ በአንድነት 85 ኪሎግራም ቢመዝኑ፥ 1,700 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል 1,400 ኪሎጁል ገደማ ነው። ይህም 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። እርግጥ ነው፤ ብስክሌቱ በፍጥነት ሲወርድ ትልቁን ድርሻ ነፋሱ ይወስደዋል። ነገር ግን ነጂው ፈርቶ ፍሬኑን ሳይለቅ እየጎተተ ከወረደ ሙቀቱ የሚገባው ወደ ቸርኬው ነው። ቸርኬው ሲግል ከመነዳሪው ይሞቃል፤ በውስጡ የታመቀውም አየር ግፊቱ ይጨምራል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ወይም ቢታነቅ ውጤቱን መናገር አያስፈልግም።

ቆላው ከደረሱ በኋላ ዋናው አስፋልት በሰንበቴና በአጣዬ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይቀጥላል። ወደ ገጠሩ የሚገቡት መንገዶች ግን ኮረትና አፈር ናቸው። በበጋ ልቅ ጠጠር፥ የግራር እሾኽና ኩርንችት ይጠብቃል። በክረምት ደግሞ ያ ማሽላና ማሾ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ይህን የጥቁር አፈር ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2ኛ፤ ስለ ቃላቱ

ወደ መለኪያው ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ብንናገር፥ የቋንቋ ትምህርት ተማሪዎች ነንና አንባቢው ይቅር ይበለን። በአገራችን የጎማ ቤት ቋንቋ ከሞላ ጎደል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጎማ፥ ጎሚስታ፥ ቸርኬ፥ ፍሬን፥ ኩሽኔታ፥ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ከመነዳሪ የምንለውም በጣልያንኛ «የአየር ክፍል» ከሚል ሐረግ የወጣ ነው። ቴላዮ የምንለው የብስክሌቱን አጥንት፥ ማለት ጎማዎቹን፥ ኮርቻውንና መሪውን አያይዞ የሚሸከመውን አካል ነው። የፊተኛውን ጎማ በሁለት ጣት ይዞ የሚያቆመውን ክፍል ሹካ እንለዋለን፤ ሁለቱ ጣቶች የሚገናኙበትን ቦታ ደግሞ የሹካው አናት እንለዋለን። ከፔዳሉ መዞሪያ ተነሥተው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች የታች ቱቦዎች እያልን እንጠራቸዋለን።

የእሽቅድምድም ብስክሌትም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር። ከእነዚያም አንዱ የነበረው ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. በሮማው ኦሊምፒክ እንደገና ተወዳድሯል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ መነጋገራችን የአዲስ ፋሽን ነገር አይደለም።

3ኛ፤ ሰፊ ጎማ ለምን ይፈለጋል?

ብዙዎቻችን ቀጭን ጎማ ሁልጊዜ ፈጣን ነው ብለን ስናምን ኖረናል። የዓለም ተወዳዳሪዎችም ረዥም ዘመን እንዲሁ ያምኑ ነበር፤ 23 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ እንደ ሕግ ይቆጠር ነበር። አሁን ግን አብዛኞቹ በአስፋልት እንኳ 28 እና ከዚያ በላይ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1896 በተጀመረው፥ በድንጋይ ንጣፍ ላይ በሚካሄደው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ደግሞ ሰፋ ያለ ጎማ መጠቀም የቆየ ልማድ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፋት በግምት ከተሸከመው ክብደትና ከአየሩ ግፊት ይወጣል። በኋላ ጎማ ላይ 40 ኪሎግራም ቢያርፍ፥ አየሩም 7 ባር ቢሆን፥ መሬት የሚነካው ቦታ 5.7 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። አየሩን ወደ 5 ባር ብናወርደው 8 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ግፊቱ ዝቅ ያለ ጎማ ጠጠሩን እየዋጠ ይሄዳል፤ ግፊቱ ከፍ ያለው ግን በየጠጠሩ ላይ እየዘለለ ነጂውንም ብስክሌቱንም ያናውጣል፤ ይህም መናወጥ ከእግራችን የተሰረቀ ጉልበት ነው።

ታዲያ ቀጭኑን ጎማ አየሩን ብቻ ብንቀንስለት አይበቃም ወይ? አይበቃም። ቀጭን ጎማ አየሩ ሲያንስ ድንጋይ በመታው ጊዜ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ እንደ እባብ ንክሻ በሁለት ቦታ ይበሳል። ሰፊ ጎማ ግን ቁመትም ስላለው ዝቅ ባለ ግፊት ቸርኬውን ሳያስነካ መሸከም ይችላል። የሰፊ ጎማ ጥቅሙ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን አየሩን ለመቀነስ ፈቃድ መስጠቱ ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ስፋት ለእሾኽ መድኃኒት አይደለም። ኩርንችትን የሚከለክለው የጎማው ውፍረት እንጂ ስፋቱ አይደለም፤ እንዲያውም ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ስለሚነካ ብዙ እሾኽ ሊለቅም ይችላል።

4ኛ፤ በጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር

አብዛኛው የተማሪ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በጎማ ጎን ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጻፋል። አንደኛው የንግድ ስም ነው፤ ለምሳሌ 700×28 ወይም 27×1¼ ወይም 28×1½ ይላል። ሁለተኛው በመካከሉ ጭረት ያለው ነው፤ ለምሳሌ 28-622። ማመን የሚገባን ይህን ሁለተኛውን ነው። የፊተኛው ቁጥር የጎማውን ስፋት በሚሊሜትር ይነግረናል፤ የኋለኛው የጎማው ጠርዝ በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ዲያሜትር በሚሊሜትር ይነግረናል።

ዛሬ የተለመደው የእሽቅድምድም ብስክሌት ቸርኬ 622 ነው። የቀድሞው ባለ 27 ኢንች 630 ነው። ያ በየከተማው የምናውቀው፥ ከባዱና ትልቁ የቻይና ብስክሌት 28×1½ የሚባለውን ጎማ የሚያደርግ ሲሆን ቸርኬው 635 ነው። አንባቢው አደጋውን ሳያይ አይቀርም። «28 ቁጥር ጎማ ስጠኝ» ያለ ተማሪ 28 ሚሊሜትር ስፋት ማለቱ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ 28 ኢንች የተባለውን ያመጣለታል። በ622 እና በ635 መካከል ያለው ልዩነት 13 ሚሊሜትር ነው። ጎማው ልል ሆኖ በቸርኬው ላይ ይዋልላል፤ አየር ሲሞላ ይወጣል። በግድ እናስቀምጠው ማለት ደግሞ በሕይወት መቀለድ ነው።

እንደዚሁም የጎማው ስፋት ለቸርኬው ስፋት የተመጠነ መሆን አለበት። የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ከ25 የሚበልጥ ጎማ ባይደረግ ይመረጣል፤ 15 የሆነው እስከ 32 ድረስ ይሸከማል። ቸርኬው ሰፊ ሲሆን ያው ጎማ ተንጣሎ ከተጻፈበት ቁጥር በላይ ይሰፋል። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ የሚታመነው አየር ከተሞላ በኋላ የተለካው ነው።

5ኛ፤ ክፍተቱ እንዴት ይለካል?

መለኪያ መሣሪያ የለንም ማለት ምክንያት አይሆንም። ብሩጎላ የሚባሉት ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች በየብስክሌት አዳሹ ዘንድ ይገኛሉ፤ ውፍረታቸውም 4፥ 5፥ 6 ሚሊሜትር እየተባለ የታወቀ ነው። ቁልፉን በጎማውና በቴላዮው መካከል ማሳለፍ ነው፤ ያለ ግፊት ካለፈ ክፍተቱ ቢያንስ ያን ያህል ነው። ቁልፍ ባይገኝ ጥቂት ሊጥ በጎማውና በሹካው አናት መካከል ጠቅጥቆ፥ በጥንቃቄ አውጥቶ ውፍረቱን በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

የሚለኩት ቦታዎች ስድስት ናቸው። ከፊት፤ በሹካው አናት ሥር፥ በፍሬኑ ክንድ ሥር፥ በሹካው ሁለት ጣቶች መካከል በግራና በቀኝ። ከኋላ፤ በታች ቱቦዎቹ መካከል በፔዳሉ መዞሪያ አጠገብ፥ በኮርቻው ቱቦና በጎማው መካከል፥ በኋለኛው ፍሬን ሥር። ከእነዚህ ሁሉ የሚጠበው የቱ እንደሆነ ማወቅ ዋናው ቁም ነገር ነው፤ ጎማው የሚያልፈው በሰፊው በር ሳይሆን በጠባቡ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይስተዋል። ጎማ ሲሰፋ በጎኑ ብቻ አይሰፋም፤ ቁመቱም በዚያው መጠን ያድጋል። በጎን ያለው ጭማሪ ለግራና ለቀኝ ይካፈላል፤ ወደ ላይ ያለው ጭማሪ ግን አይካፈልም። ከ23 ወደ 28 ብንሄድ በእያንዳንዱ ጎን 2.5 ሚሊሜትር ይጠፋል፤ ከላይ ግን 5 ሚሊሜትር ሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ጎኑን ብቻ ዐይቶ «ይገባል» የሚል ሰው ከላይ ይያዛል።

አሁን ከእኛ ብስክሌቶች የአንደኛውን ልክ እናቅርብ። በ23 ሚሊሜትር ጎማ፤ በፊተኛው ፍሬን ሥር 8፥ በሹካው ጎን በእያንዳንዱ 7፥ በታች ቱቦዎቹ በግራ 6፥ በቀኝ 5 ሚሊሜትር ነበረው። 25 ቢደረግበት ከላይ 6፥ በሹካው ጎን 6፥ ከኋላ በግራ 5፥ በቀኝ 4 ይቀራል። 28 ቢደረግበት ደግሞ ከላይ 3፥ በሹካው ጎን 4.5፥ ከኋላ በግራ 3.5፥ በቀኝ 2.5 ብቻ ይቀራል።

ስንት ቢቀር ይበቃል? በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይመከራል፤ ለጭቃና ለጠጠር መንገድ 6 ዝቅተኛው ነው ብንል አናጋንንም። ቸርኬ ምንጊዜም ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንድ ራጂ ቢላላ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ይወላገዳል። ነጂው ከኮርቻው ተነሥቶ ዳገት ሲገፋ ቴላዮውና ቸርኬው ወዲያና ወዲህ ይለመጣሉ። ጎማው ራሱ በአገልግሎት ብዛት ትንሽ ይለጠጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ጎማው ላይ የተጣበቀው ጠጠር ማለፊያ ይፈልጋል።

6ኛ፤ በእኛ ላይ የደረሰው

በአንድ የክረምት ዕረፍት ሦስት ሆነን ከሸዋ ሮቢት ገባ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የክረምት ትምህርት ለማስተማር ተስማምተን ነበር። እኛ ሁለታችን እንግሊዝኛና አማርኛ፥ ሦስተኛው ጓደኛችን ሒሳብ ሊያስተምር ነው። ማደሪያችን ከተማው፥ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከአስፋልቱ 11 ኪሎሜትር ገባ ብሎ ነው። መኪና በየቀኑ አይሄድም፤ ስለዚህ ብስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጣራ ጭነን ወረድን።

ከላይ ልኩን ያቀረብነው ብስክሌት የዚያ ጓደኛችን ነበር። ከጉዞው በፊት 28-622 ጎማ ገዝቶ አስገባበት። ልኩን የወሰድነው በኋላ ነው እንጂ ያን ጊዜ አልለካንም። ብስክሌቱን ገልብጠን ጎማውን በእጃችን አሾርነው፤ ሳይነካ ዞረ፤ እኛም ደስ አለን። አየር ለመሙላት የሄድንበት አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ግን ጎንበስ ብለው የሹካውን አናት አዩና፥

«ልጆቼ፥ ጎማውስ ገብቷል፤ ጭቃው በየት በኩል ሊወጣ ነው?» አሉን።

እኛም፥ «ጋሼ፥ ግድ የለም፤ ዞሮ አይተነዋል» ብለን ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ባዶ እግር የገባበት ጫማ ሁሉ ካልሲ ያስገባል ማለት አይደለም» አሉና አየሩን ሞልተው ሰጡን።

ሦስት ቀን በሰላም ሄድን። በአራተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ ጥቁሩን አፈር ገና 200 ሜትር ያህል እንደ ገባን የጓደኛችን የፊት ጎማ ጭቃውን እየጠቀለለ ወደ ሹካው አናት አወጣው። በዚያ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ጭቃው ሊያልፍ አልቻለም፤ ከጭቃው ጋር የተጠቀለለ አንዲት ጠጠር በፍሬኑ ክንድና በጎማው መካከል ገብታ ጎማውን እንደ ሽብልቅ አነቀችው። ትንሽ ቁልቁለት ነበር። ብስክሌቱ ቆመ፤ ጓደኛችን ግን አልቆመም። በመሪው ላይ አልፎ በትከሻው ወደቀ፤ አጥንቱም ተሰበረ።

ተማሪዎቹ ያን ቀን እስከ ቀትር ጠብቀውናል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ያስተማርነው እኛው ሁለታችን ነን፤ ክፍልፋይን እንዴት እንዳስተማርን እግዜር ይወቀው፤ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ አርማናለች። ተማሪዎቹ የቀረባቸውን ትምህርት የሚመልስላቸው የለም። ጥፋቱንም በነጋዴው ወይም በመንገዱ ላይ ልንጥለው አንችልም። አስቀድሞ የነገሩን ሰው ነበሩ፤ ያልለካነው እኛ ነን።

7ኛ፤ መፍትሔው ምንድን ነው?

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውንና የተማርነውን በየተራው እናቅርብ።

ሀ) ቴላዮው የሚፈቅደውን ያህል ብቻ መሄድ። ከ23 ወደ 25 መሄድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ወፈር ያለ ጎማ ተመርጦ አየሩ በመጠኑ ሲቀነስ ለኮረት መንገድ ልዩነቱ ይታወቃል። የፊቱና የኋላው እኩል መሆን ግዴታ አይደለም፤ ከፊት 28 የሚፈቅድ ብስክሌት ከኋላ 25 ብቻ ቢፈቅድ ሁለቱን በየልካቸው ማድረግ ይቻላል።

ለ) ቸርኬውን ማቃናት። ራጂዎቹን አጥብቆና አላልቶ ቸርኬውን ቀጥ ማድረግ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ይመልሳል። ዋጋው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በብዙ የቆዩ ብስክሌቶች ላይ ክፍተቱን የበላው ጎማው ሳይሆን የተወላገደው ቸርኬ ነው።

ሐ) የኋላ ጎማን ወደ ኋላ መሳብ። የኋላው ጎማ የሚታሰርበት ቦታ አግድም የተሰነጠቀ በሆነበት በቆየ ብስክሌት፥ ጎማውን ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ ማሰር በኮርቻው ቱቦና በታች ቱቦዎቹ በኩል ክፍተት ይሰጣል። ሰንሰለቱና ፍሬኑ ግን እንደገና መስተካከል አለባቸው።

መ) ቸርኬውን መለወጥ። ከእኛ የአንዱ ብስክሌት የቀድሞው 27 ኢንች፥ ማለት 630 ነበረ። ይህን በ622 ስንለውጠው ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር አነሰ፤ ማለት ከላይ 4 ሚሊሜትር ክፍተት በነጻ አገኘን። የፍሬኑን ጎማ ግን 4 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የፍሬኑ ክንድ ይህን ያህል ቦታ እንዳለው ቸርኬው ከመገዛቱ በፊት መታየት አለበት። ከ622 ወደ 584 መውረድ ደግሞ 19 ሚሊሜትር ክፍተት ከላይ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቸርኬ የሚነክስ ፍሬን ያን ያህል ስለማይወርድ ይህ የሚሆነው የዲስክ ፍሬን ላለው ብስክሌት ነው ለማለት ይቻላል።

ሠ) የፍሬኑን ክንድ መለወጥ። የሚያጠበው የፍሬኑ ክንድ ብቻ ከሆነ ቀጠን ባለ ክንድ መለወጥ ይረዳል። የተለመደው የእሽቅድምድም ፍሬን ከመታሰሪያው እስከ ቸርኬው ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ረዘም ያለው ከ47 እስከ 57 ይደርሳል። የሚያጠበው የሹካው አናት ወይም የታች ቱቦ ከሆነ ግን ፍሬን መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ረ) የማይደረጉ ነገሮች። የሹካውን ወይም የቱቦውን ውስጠኛ ክፍል በሞረድ መሞረድ፤ ቱቦውን በመዶሻ መቀጥቀጥ፤ ቦታ ለማግኘት የፊቱን ጎማ ወደ መታሰሪያው ሙሉ በሙሉ ሳያስገቡ ማሰር፤ ጎማው እንዳይነካ አየሩን ከልክ በታች ማድረግ። እነዚህ ሁሉ ሲደረጉ ዐይተናል። ከካርቦን የተሠራ ቴላዮ ደግሞ ጎማ ሲፈትገው በጥቂት ጉዞ ሊሰረጎድ ስለሚችል መነካት ከጀመረ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል።

ሰ) ብስክሌቱን መለወጥ ወይም መውረድ። አንዳንዱ ቴላዮ ከ23 በላይ አይፈቅድም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የተሠራበት ዓላማ ነው። እንዲህ ያለውን ብስክሌት ለአስፋልቱ ትቶ ለጥቁሩ አፈር ያንን የተናቀውን ትልቁን የቻይና ብስክሌት መዋስ ይሻላል። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ዝናብ በጣለበት ቀን ደግሞ ብስክሌትን ተሸክሞ በእግር መሄድ ነውር አይደለም።

8ኛ፤ ስለ አየሩ መጠን

ሰፊውን ጎማ አስገብቶ እንደ ቀድሞው ማጠንከር ልፋትን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። በጎማው ግድግዳ ላይ የሚደርሰው ውጥረት ግፊቱ በስፋቱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 23 ሚሊሜትሩ ጎማ 7 ባር ይሞላ ከነበረ፥ 28 ሚሊሜትሩ በ5.75 ባር ያንኑ ያህል ይወጠራል፤ በ25ቱ 6.4 ይሆናል። ከዚህ መነሻ ተነሥቶ ለኮረት መንገድ ጥቂት ማውረድ ይቻላል። በጎማው ጎን ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን ፈጽሞ ማለፍ አይገባም።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ደግሞ ሌላ ማስታወሻ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ በ10 ዲግሪ ብርድ 6 ባር የተሞላ ጎማ ሸዋ ሮቢት ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት ወደ 6.4 ባር ይደርሳል። የውጭው አየር በቆላ ስለሚከብድ ከጭማሪው ጥቂቱን ያካክሳል እንጂ ሁሉንም አያካክስም። ስለዚህ በደጋው ብርድ እስከ መጨረሻው ልክ መሙላት፥ ከዚያም ፍሬን እየጎተቱ ቁልቁለቱን መውረድ ሁለት ጥፋት በአንድነት መሥራት ነው። ፍሬኑን በየመካከሉ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅ፥ ከቁልቁለቱም አጋማሽ ላይ ቆሞ ቸርኬውን ማቀዝቀዝ ይገባል።

መደምደሚያ

የነገሩ ፍሬ እንግዲህ ይህ ነው። ጎማ ከመግዛት በፊት ስድስቱን ቦታ መለካት፤ ከጠባቡ ቦታ መጀመር፤ የጎማውን ጭማሪ ከላይ ሙሉውን፥ ከጎን ግማሹን መቀነስ፤ የቀረው ለአስፋልት ከ4፥ ለጭቃና ለኮረት ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መተው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ፥ አንድ ማስመሪያና ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ጓደኛችን ዛሬ ድኗል፤ ብስክሌቱንም አልሸጠውም። በ25 ጎማ አስፋልቱን ይነዳዋል፤ ጥቁሩ አፈር ሲደርስ ይወርዳል። በሚቀጥለው ክረምት ወደዚያው ትምህርት ቤት ለመመለስ ቃል ገብተናል፤ ያችም ልጅ ክፍልፋዩን ከዋናው አስተማሪ እንድትማር ቃል አለብን። ከማኅበራችን አባሎች ወደየአገራቸው በብስክሌት ለመሄድ የሚያስቡ ቢኖሩ፥ ሳይነሡ በፊት ብስክሌታቸውን ይዘው ይምጡ፤ ቁልፉም ማስመሪያውም ከእኛ ዘንድ አለ፤ አብረን እንለካለን።